አንገት ላይ ያለው እብጠት ልብ ላይ ሲደርስ



ዛሬ ስለ እንቅርት ልናወራችሁ ነው፤ ወሬው ግን አንገት ላይ ጀምሮ ልብ ላይ ያልቃል። ትንሽ ረዘም ይላል፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እኛ የወንጪ ልጆች ነን። አገራችንን የሚያውቃት ሰው በሐይቋ፣ በፈረሶቿና በእንሰቷ ያውቃታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል። ፎቶ ላይ የማይወጣው ግን የእናቶቻችን አንገት ነው። በሻሽ፣ በነጠላ፣ በሒጃብ ተሸፍኖ የሚኖር እንቅርት በደጋው አገር ብርቅ አይደለም። ከማየት ብዛት እንደ ሽበት ለምደነዋል።

እናታችንም ከወጣትነቷ ጀምሮ እንቅርት አለባት። አያማትም፣ አይቆረጥማትም። ዕድሜዋ ሃምሳን ሲያልፍ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ ልቧ ትር ትር ማለት ጀመረ። ዳገት ስትወጣ ቢሆን ኖሮ አይገርመንም ነበር፤ ወንጪ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስለሚወጣ የማንም ልብ ይፈጥናል። የእሷ ልብ ግን ቁጭ ብላ ቡና ስትቆላም፣ ሌሊት ጋደም ስትልም ይደልቃል። ደህና እየበላች ከሳች። በዚያ ብርድ ላብ ያጠምቃታል። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር ይንኳኳል። አንዱ ጎረቤት «ጭንቀት ነው» አለ፤ ሌላው «ዓይነ ጥላ ነው» አለ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኛት።

በመጨረሻ አንድ ጤና መኮንን አንገቷን ዳሰሰ፣ የእጇን ምት ይዞ ቆጠረ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ጻፈላት። የደም ምርመራው የታይሮይድ ሆርሞኗ ከልክ በላይ መብዛቱን አሳየ። ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ ደግሞ ምቷ መፍጠኑን ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱን መሳቱንም አሳየ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ታዲያ አንገትና ልብን ምን አገናኛቸው? የታይሮይድ ዕጢ አንገታችን ላይ ያለች ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ ናት። የምታመነጨው ሆርሞን ሰውነታችን በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ይወስናል። ሆርሞኑ ሲበዛ ሁሉ ነገር ይጣደፋል፤ ልብ ደግሞ ይህን ቶሎ ከሚሰሙት የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው። መጀመሪያ ምቱ ይፈጥናል። ሲቆይ በአንዳንዱ ሰው የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መምታታቸውን ትተው ይርገፈገፋሉ። ሆርሞናቸው ከበዛባቸው ከ100 ሰዎች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ይህ እንደሚያጋጥማቸው ይነገራል፤ በዕድሜ የገፉት ላይ ይብሳል። አደጋው ልብ ውስጥ የተጠራቀመ ደም ረግቶ ወደ አንጎል ሲሄድ ነው፤ ስትሮክ ያመጣል። ልብም ከድካም ብዛት ሊዝል ይችላል።

ይህ ግንኙነት ዛሬ የተገኘ አይደለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሙስሊሙ ሐኪም ኢስማዒል አል-ጁርጃኒ እንቅርትና የዓይን መውጣት አብረው እንደሚታዩ ጽፏል፤ ከልብ ምት ጋርም እንዳያያዘው የሚናገሩ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ካሌብ ፓሪ ደግሞ እንቅርት ስላለባቸውና ልባቸው ስለሚደልቅ ሕሙማን የጻፈው ከሞተ በኋላ በ1825 ታተመ።

እኛ ዘንድ ለምን በዛ? ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው። በተራራማ አገር ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ ያጥበዋል፤ አፈሩ ላይ ከሌለ እህሉም ላይ፣ ቆጮውም ላይ አይኖርም። ዕጢዋ ያነሳትን አዮዲን አሟጣ ለመጠቀም ስትታገል ታብጣለች። ለዚህ ነው አዮዲን በጨው የሚሰጠው። በፊት ከአሰብና ከምፅዋ የሚመጣው ጨው አዮዲን ነበረው፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ ተቋርጦ አገሩ በአፋር ጨው ላይ ቆመ፤ እሱም አዮዲን አይጨመርበትም ነበር። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15ቱ ገደማ ነበር፤ በ2016 ግን ወደ 89 ደረሰ። አልሐምዱሊላህ፣ ትልቅ ለውጥ ነው። የእናቶቻችን አንገት ግን ከደንቡ በፊት አብጦ ነበር። ለዓመታት የቆየ እንቅርት ውስጡ ጓጉሎ ያለ ማንም ትእዛዝ በራሱ ሆርሞን ማምረት ሊጀምር ይችላል። አዮዲን ሲያገኝ ደግሞ አንዳንዱ ይብስበታል፤ በ1990ዎቹ ዚምባብዌ ውስጥ ይህ ታይቷል። ይህን ሰምቶ አዮዲን ያለውን ጨው የሚተው እንዳይኖር! የልጆቻችን አእምሮ የሚጠበቀው በእሱ ነው። መደረግ ያለበት የቆየ እንቅርት ያለበትን ሰው ማስመርመር ነው።

ሕክምናው አለ። እናታችን ሆርሞኑን የሚቀንስ መድኃኒትና የልብ ምትን የሚያረጋጋ ፕሮፕራኖሎል ታዘዘላት። የመጀመሪያው በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ነበር፤ ረመዷን ደግሞ ደርሷል። ሐኪሙ ምቷ እስኪረጋጋ እንዳትጾም ነገራት። «ሰው ሁሉ ሲጾም እኔ እንዴት እበላለሁ?» ብላ አለቀሰች። እኛ ብንለምናት አልሰማ አለች። ኡስታዙን ቤት ድረስ ጠራናቸው። «እናቴ፣ የታመመ ሰው እንዲያፈጥር የፈቀደው አላህ ነው። ሲድኑ ቀዷ ያወጣሉ» አሏት። ከዚያ በኋላ እንክብሏን ራሷ ሰዓት ጠብቃ መዋጥ ጀመረች። ከወራት በኋላ ሆርሞኗ ሲስተካከል ምቷም ወደ ሥርዓቱ ተመለሰ፤ ይህ በብዙ ሰው ላይ ይሆናል፣ በሁሉም ላይ ግን አይደለም። አሁንም ክትትል ላይ ናት።

ከዚህ ሁሉ የያዝነውን እናካፍላችሁ፦

✅ የእጅን ምት መቁጠር ተማሩ። ምቱ የሚቆጠርለት ሰው አርፎ ቁጭ ይበል፤ በአውራ ጣቱ ግርጌ የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ያረፈ ትልቅ ሰው ምት ከ60 እስከ 100 ነው። ከዚያ በላይ ሆኖ ከቀጠለ ወይም አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ ሥርዓት ካጣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

✅ የልብ ምት መዛባት ከመክሳት፣ ከላብ፣ ከእጅ መንቀጥቀጥ ጋር ከመጣ «የታይሮይድ ምርመራ ይታዘዝልን» ብላችሁ ጠይቁ። እንቅርት ባይታይም ጠይቁ።

✅ ደረት ላይ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ነገ አትበሉ፤ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ።

✅ አስም ያለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይናገር። ሆርሞን የሚቀንሰውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከያዘው፣ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ይታይ።

✅ ዕጢው ሰንፎ የሆርሞን እንክብል የሚወስድም ልቡ መደለቅ ከጀመረ መጠኑ በዝቶ ሊሆን ይችላል። በራሱ አይቀንስ፣ አያቁም፤ ሐኪሙን ያማክር።

✅ አዮዲን ያለውን ጨው ከድኖ ማስቀመጥ፣ አለማጠብ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ጥሩ ነው።

ሩቃ ማስደረግና ዱዓ ማድረግ ሐኪም ቤት ከመሄድ አይከለክልም፤ ሁለቱም ይሄዳሉ። ዛሬ ማታ እናታችሁን፣ አክስታችሁን ወይም አያታችሁን አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ «እስቲ እጅሽን» በሏት። አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ አፊያን ይስጥልን። ለወገን ይድረስ፣ ሼር አድርጉት።