«እንኳን አተረፈህ» ከተባለ በኋላ

መምህር ሥራ ላይ ተጎዳ ሲባል ብዙ ሰው «በምን?» ብሎ ይጠይቃል። ማሽን አያንቀሳቅስ፣ ፎቅ አይሠራ፤ እጁ ላይ ያለው ጠመኔ ነው። ጠያቂው ካፋ ውስጥ ወዳለችው ደካ መጥቶ ሲዘንብ ባደረ ማግስት የትምህርት ቤት ግቢ ቢያቋርጥ መልሱን እግሩ ይነግረዋል። ካፋ ዝናቡ ከመጣ ለመሄድ የማይቸኩልበት አገር ነው። አፈሩ ሲርስ ሳሙና ይሆናል፤ የክፍሉ ደረጃ ደግሞ የስንት ዓመት ተማሪ ረግጦት ጠርዙ አልቋል። የስፖርት መምህር ጉልበቱ የሚዞረው ሜዳ ላይ ነው። የሚደባደቡ ጎረምሶች መሀል የሚገባው ያው መምህር ነው። ንፋስ የገነጠለውን ቆርቆሮ ሊመታ መሰላል የሚወጣም አይጠፋም፤ አናጢ የሚከፈልበት በጀት እስኪመጣ ልጆቹ ዝናብ ሊመታቸው ነዋ።

* * *

እግር ሲሰበር መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወለምታና ውልቃት አሽተው ያዳኑ ወጌሾች ሞልተዋል፣ ሰውም የሚያምናቸው በምክንያት ነው። የሚያስፈራኝ ማሰሪያው ነው። የተሰበረ እግር ማበጡ አይቀርም፤ በጠንካራው ከታሰረ ደም መዘዋወሩን ያቆማል። ጣት ሲደነዝዝ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ሲጠቁር «ቻለው፣ እየጠገነ ነው» ይባላል፤ በዚህ ምክር እግራቸውን ያጡ አሉ። ያን ጊዜ ማሰሪያውን ፈትቶ ወደ ሐኪም መሮጥ እንጂ መቻል አያስፈልግም። ቦንጋ ገብረ ፃድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ። ጉዳዩ ከበድ ካለ ሪፈሩ ወደ ጅማ ነው፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ፤ ከዚያም ካለፈ አዲስ አበባ።

* * *

ከወራት በኋላ በክራንች የተመለሰ መምህር አየሁ። የመምህራኑ ክፍል ሲገባ ሁሉም ተነሣ። «እንኳን እግዜር አተረፈህ!» ተባለ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ቡና ተቀዳ። ተኝቶ ሳለም ከደመወዛቸው አዋጥተው ሰጥተውታል፣ እየተፈራረቁ ጠይቀውታል። ከልብ የመነጨ ነበር። ከዚያ ደወሉ ተደወለና ሁሉም ወደየክፍሉ ሄደ። የእሱ ክፍል ከግቢው ጫፍ፣ ከቦዩ ማዶ ነው። በቦዩ ላይ የተጋደመው ግንድ እርጥብ ነበር።

* * *

ሰሌዳው ፊት ምን እንደሚሆን ለማየት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ክራንቹ ብብቱ ሥር ነው፣ ጠመኔው ቀኝ እጁ ላይ፣ መጽሐፉን የሚይዝበት እጅ የለም። መስመሩን ጽፎ ሲጨርስ ወደ ጎን ለመራመድ ጠመኔውን ኪሱ ይከታል፣ ክራንቹን ያስተካክላል፣ እንደገና ጠመኔውን ያወጣል። የሰሌዳውን ታችኛ ግማሽ አልነካውም፣ ማጎንበስ አይችልምና። ሰሌዳው ሲሞላ ከፊት የተቀመጠች ልጅ ማንም ሳያዛት ተነሥታ አጠፋችለት። «ተባረኪ» አላት። ቁጭ ብላ ጣቷ ላይ የቀረውን የጠመኔ ብናኝ በደብተሯ ጀርባ ጠረገች። ለዚህ መምህር በዚያ ቀን ከተደረገለት ሁሉ በትክክል የሚያስፈልገውን ያደረገችለት እሷ ናት።

* * *

ማንም የማያነሣውን ላንሣ፤ ሽንት ቤት። የትምህርት ቤቶቻችን መጸዳጃ በአብዛኛው ጉድጓድ ነው፣ ቁጢጥ የሚባልበት። ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ቁጢጥ አይልም። ታዲያ ምን ያደርጋል? ጠዋት ቁርስ አይበላም፣ ውሃ አይጠጣም፣ እስከ ስድስት ሰዓት ይችላል። ሴት መምህርት ስትሆን ችግሩ በእጥፍ ነው። «ከተመለሰ ወዲህ ፊቱ ከስቷል፣ ሕመሙ አለቀቀውም» የሚሉት ሰዎች ይህን አያውቁም፤ እሱም በኀፍረት አይነግራቸውም። የሚያስፈልገው መቀመጫው የተቦረቦረ የእንጨት ወንበርና የሚደገፍበት አግዳሚ ነው። የሰፈሩ አናጢ ይሠራዋል።

* * *

የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን ለሠራተኛው እንዲመች አድርጎ እንዲያስተካክል ያስገድዳል። ብዙ ርዕሰ መምህራን ይህን አዋጅ የሚያነሡት ስለ ቅጥር ነው፤ ትናንት ሁለት ጤነኛ እግር የነበረው ባልደረባቸው ዛሬ በዚሁ ሕግ ውስጥ መግባቱ አይታሰባቸውም። ባልደረባውም ቢሆን «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ስም ስለሚከብደው አይጠይቅበትም።

* * *

ገንዘቡስ? በ2014 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 ላይ የነበረው ስሌት ይህ ነበር። በሥራ ላይ የደረሰው ጉዳት ቢያንስ 10 በመቶ ሆኖ ሠራተኛው ግን ሥራውን መቀጠል ከቻለ፣ የጉዳት ዳረጎት በአንድ ጊዜ ይከፈለው ነበር። ከጉዳቱ በፊት በነበረው ወር ያገኝ የነበረው ደመወዝ 47 በመቶው ተወስዶ በ60 ይባዛ ነበር፣ ከዚያም በጉዳቱ መጠን። ደመወዙ 10,000 ብር፣ ጉዳቱ 30 በመቶ ቢሆን 84,600 ብር ይደርሰው ነበር። የሐኪሞች ቦርድ 9 በመቶ ካለው ምንም አልነበረም።

እንዲህ ያለ ክፍያ ለማግኘት ግን ጉዳቱ የደረሰው ሥራ ላይ መሆኑ የተጻፈበት ወረቀት ያስፈልጋል። ሰው ወድቆ ሲጮህ መዝገብ የሚያስታውስ የለም፤ መኪና ይፈለጋል፣ ቃሬዛ ይፈለጋል፣ እንዲያ መሆንም ነበረበት። ጥፋቱ በማግስቱም፣ በሳምንቱም አለመጻፉ ነው። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ይዛወራል፣ ያዩት ተማሪዎች ስምንተኛን ጨርሰው ይሄዳሉ፣ መምህሩም በክራንች ወደ ወረዳው እየተመላለሰ የገዛ ውድቀቱን ምስክር ይለምናል። በመላ ነገሩ ውስጥ እንደዚህ የሚያናድደኝ የለም። አንድ ገጽ ወረቀት፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የሁለት ሰው ፊርማና ማኅተም ይበቃው ነበር።

* * *

አሜሪካ፣ ኒውፖርት ኒውስ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 2023። አቢ ዝወርነር የምትባል የአንደኛ ክፍል መምህርት በክፍሏ ውስጥ በስድስት ዓመት ተማሪዋ ተተኮሰባት፤ ጥይቱ እጇንና ደረቷን መታ። ከሳሽ ሆና ስትቀርብ የትምህርት ቦርዱ «ይህ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፣ የሚገባት የሠራተኛ ካሳ ብቻ ነው» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው አልተቀበለውም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ደግሞ ልጁ መሣሪያ ይዟል የሚለውን ማስጠንቀቂያ ችላ ብላለች በተባለችው የቀድሞ ምክትል ርዕሰ መምህርት ላይ 10 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደ። እኛ ዘንድ መምህሩ ጉዳቱ «የሥራ ነው» እንዲባልለት ይማጸናል፤ እዚያ ደግሞ እንዳይባልባት ተሟገተች። ዝወርነር ወደ ማስተማር አልተመለሰችም። ማንም ሊፈርድባት አይገባም።

* * *

«ጀግና ነህ» የሚሉት ሰዎች መልካም አስበው ነው። ነገር ግን ጀግና የተባለ ሰው ወንበር ለመጠየቅ ያፍራል።

* * *

ቡና ለቀማ ሲደርስ የካፋ ክፍሎች ይሳሳሉ፤ ልጆቹ ከቤተሰባቸው ጋር ጫካ ናቸው። ለተመለሰ መምህር ይህ ወቅት ጥሩ መጀመሪያ ነው ብዬ አስባለሁ። ድምፅ ይቀንሳል፣ ግፊያ ይቀንሳል፣ በየወንበሩ መሀል ለክራንች መንገድ ይገኛል። ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው ይህን አይቶ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ክፍለ ጊዜ ቢሰጠውና ቀስ በቀስ ቢጨምርለት መልካም ነበር። ሲታመም ክፍለ ጊዜውን በነፃ የተካፈሉለት ባልደረቦቹም ደክመዋል፤ ፍቅራቸው ባይጎድልም ጉልበታቸው ያልቃል። ይህን ሸክም በመምህራኑ ደግነት ላይ ጥሎ ዝም ማለት ለእነሱም ለእሱም አይበጅም።

* * *

ያን በክራንች ያየሁትን መምህር ያስቸገረው የክፍል ርቀት የተፈታው በምክትል ርዕሰ መምህሯ ነው። ሰባተኛ «ሀ» ከቦዩ ማዶ ከነበረበት ወደ ቢሮው አጠገብ መጣ፤ ስምንተኛ «ለ» ወደ ማዶ ሄደ። ተማሪዎቹ ወንበራቸውን በጭንቅላታቸው ተሸክመው በአንድ እረፍት ጨረሱት። ለወረዳ ደብዳቤ አልተጻፈም፣ በጀት አልተጠየቀም። ሰሌዳውን ግን ከፍ አድርጎ የሚሰቅል ሰው ገና ይፈለጋል።