መኪናም መገጣጠሚያ አላት

ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሳገለግል ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት ገጠር ነው። የክትባት ሣጥን ጭነን በላንድሮቨርና በላንድክሩዘር ያልወጣነው ዳገት የለም። ከሾፌሮቹ የቀሰምኩት ነገር ዛሬም ይጠቅመኛል፤ መኪናም እንደ ሰው መገጣጠሚያ አላት፣ ሲያማትም ትናገራለች።

ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ብዙ ወጣቶች መኪናቸውን ከፍ ማስደረግ ይወዳሉ። የእኔም ልጅ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል አሮጌ መኪናውን ባሌስትራ አስቀይሮ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አስነሳት። የመንዝ ድንጋይ ሆዷን እንዳይነካት ብሎ ነው። ለፋሲካ የልጅ ልጆቼን ይዘን ወደ እናቴ አገር ልንሄድ ተዘጋጅተናል።

ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አብሬው ስሄድ፣ ፍጥነቱ 70 ሲደርስ ወለሉ ከእግሬ ሥር ይርገበገባል። «እማዬ፣ የጎማ ባላንስ ነው» አለኝ። መሪው ግን ጸጥ ብሏል፤ የሚንቀጠቀጠው መቀመጫው ነው። ቆማ ባደረችበት ደግሞ የዘይት ጠብታ አየሁ። «ሳትታይ ልጆቹ አይሳፈሩባትም» አልኩ። አኮረፈኝ፤ ሦስት ቀን አልደወለልኝም። በአራተኛው ቀን ጋራዥ አብረን ሄድን።

መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ ወጣና «ሲስተር፣ ጉልበትዎን አጥፈው ይሩጡ ቢባሉ ይችላሉ?» አለኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የሞተሩ ጉልበት ከካምቢዮው ወደ ትራንስፈር ያልፋል፤ ትራንስፈሩ ለፊትና ለኋላ ያካፍለዋል፤ ከዚያ ረጃጅም ዘንጎች ወደ ዲፈረንሻሎቹ ያደርሱታል። መኪናዋ ስትነሳ ትራንስፈሩ አብሮ ይነሳል፤ ዲፈረንሻሉ ግን ከጎማው ጋር እታች ይቀራል። ስለዚህ ዘንጉ ቁልቁል ይዘቀዝቃል። በሁለቱ ጫፎቹ ያሉት መገጣጠሚያዎች፣ ክሮቼራ የሚሏቸው፣ ከልክ በላይ ይታጠፋሉ። ክሮቼራው ታጥፎ ሲዞር ዘንጉ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል፤ የሁለቱ መታጠፍ እኩል ካልሆነ ይህ አይካካስም። ንዝረቱ ይኸው ነው። ውሎ ሲያድር ክሮቼራውን ይበላል፤ በትራንስፈሩ አፍ ያለውን ኩሽኔታና ዘይት መያዣ ጎማም ያበላሻል። ዘይቱ ካለቀ ጥርሶቹ ይቃጠላሉ። ዘንጉ አጭር በሆነባቸው አጫጭር መኪኖች ደግሞ ችግሩ ይብሳል።

ዘንጉ በጉዞ ላይ ቢበጠስ ወለሉንና የፍሬን ቱቦውን ሊመታ ይችላል። እንደ ድሮው ላንድሮቨር ባሉት ደግሞ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከትራንስፈሩ የሚወጣውን ዘንግ ነው፤ ዘንጉ ከተበጠሰ ዳገት ላይ ልጆች ጭና የቆመችን መኪና በእጅ ፍሬን ማመን አይቻልም።

ልጄ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ከፍታው ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ተደረገ፤ ባሌስትራው ሥር ሽብልቅ ገብቶ የዲፈረንሻሉ አቅጣጫ ተስተካከለ፤ ክሮቼራውና ዘይት መያዣው ተቀየሩ። ፋሲካን መንዝ ዋልን።

እናንተም ልጃችሁ መኪናውን ካስነሳ ቁመናዋን አድንቁለት፤ ከዚያ ጥቂት ጠይቁት። የዘንጉ መታጠፍ ተለክቷል? ክሮቼራው ግሪስ ጠጥቷል? በቆመችበት ዘይት ይታያል? ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቅ «ቋ» የሚል ድምፅ አለ? መልሱ ካላረካችሁ የልጅ ልጆቻችሁን አታሳፍሩ። ልጅ ቢያኮርፍ ይታረቃል።