የእንጨት ብናኝና በመኖሪያ ግቢ የሚሠራ አናጺ

በደሴና በኮምቦልቻ የእንጨት ሥራ ብዙ ጊዜ የሚከናወነው በመኖሪያ ግቢ ውስጥ፣ ከማድ ቤቱና ከልጆች መኝታ በአንድ ግድግዳ በተለየ ክፍል በመሆኑ፣ ብናኙ ከአናጺው አልፎ የቤተሰቡን ሁሉ ጤና ይነካል። ከመጋዙ ሥር የሚከመረው ሰጋቱራ ለዓይን ቢከብድም፣ ይበልጥ የሚያሰጋው እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ የሚነሣውና ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ክፍል የሚያንሰው ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ይህ ብናኝ ሥራው ከቆመ በኋላም አየር ላይ ይቆያል፣ ከትንፋሽ ጋርም ወደ ሳንባ ይዘልቃል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት ብናኝን ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች የመደበው፣ በእንግሊዝ ሃይ ዊኮም የቤት ዕቃ ሠራተኞች ላይ በ1960ዎቹ የታየውን የአፍንጫ ካንሰር የመሳሰሉ ማስረጃዎችን መርምሮ ነው።

ከካንሰር ይልቅ ቀድሞ የሚታየው አለርጂ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ሌላውን ሰው የማይጎዳን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው የሚፈጠር ሕመም ነው። ለወራት ወይም ለዓመታት ያለ ችግር የሠራ ሰው አንድ ወቅት ላይ ማስነጠስ፣ ዓይን ማሳከክ ወይም ሌሊት የሚብስ ሳል ሊጀምረው ይችላል፤ ሕመሙ በዕረፍት ቀናት እየቀለለ ወደ ሥራ ሲመለስ የሚያገረሽ ከሆነ ብናኙን መጠርጠርና ለሐኪም የሥራውን ዓይነት መንገር ያስፈልጋል። እንደ ግራቪሊያ ያሉ ዛፎች ደግሞ ቆዳን የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር ስላላቸው፣ እጁና ክንዱ ሽፍ የሚልበት ሰው ለቆዳ ሕክምናው ወደሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቢሄድ መልካም ነው።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ ብርዱ በርና መስኮት ያዘጋል፤ የተዘጋ ክፍል ደግሞ ብናኙን ያከማቻል። ስለዚህ ማለስለሱን ፀሐይ በሚሞቅበት ሰዓት ወደ ደጅ ማውጣትና ነፋሱ ብናኙን ከቤቱ በሚያርቅበት አቅጣጫ መሥራት ከማንኛውም ጭንብል ይቀድማል። ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ በዚህ ረገድ ትሻላለች፤ ሆኖም የተከፈተው በር ወደ መኖሪያው የሚያመራ ከሆነ ብናኙ ወደ ቤተሰቡ ይገባል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ቢያስገድድም፣ ለራሱ የሚሠራ አናጺ ይህን ጥንቃቄ ራሱ መሸከም አለበት።

አፍ ላይ የሚጠመጠም ሻሽ ትልልቁን እንጂ ደቃቁን ብናኝ አያግድም። ኤን95 የተባለው ጭንብል ቢያንስ 95 በመቶውን የሚያስቀረው ፊት ላይ በደንብ ሲገጥም ብቻ ነው፤ ጢሙን ባሳደገ ሰው ፊት ላይ ጠርዙ ስለማይገጥም፣ እርሱ ከቤት ውጭ መሥራት ይበልጥ ይጠቅመዋል። ወለሉን በደረቁ መጥረግ የሰፈረውን ብናኝ መልሶ ስለሚያነሣው አስቀድሞ ውሃ መርጨት፣ የሥራውንም ልብስ ልጅ ከመታቀፍ በፊት በር ላይ ማውለቅ ይገባል።

እጅግ የሚዘነጋው ግን ሰጋቱራው ለማገዶ ሲውል የሚያመጣው ጉዳት ነው። ኤምዲኤፍና ችፑድ የሚባሉት ጣውላዎች የተፈጨ ወይም የተፈረፈረ እንጨት ብዙውን ጊዜ ፎርማልዴሃይድ ባለበት ኮላ ተጣብቆ የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ሰጋቱራቸው ምጣድ ሥር ሲነድ የሚወጣው መርዛማ ጭስ እንጀራ የምትጋግረውን እናትና ያዘለችውን ሕፃን ያገኛቸዋል፤ ስለዚህ የእነዚህ ጣውላዎች ሰጋቱራ ከጥዱና ከባሕር ዛፉ ተለይቶ በራሱ ከረጢት ይጠራቀም፣ ማገዶ ለሚገዛውም ጎረቤት አይሰጥ።