«ያለ ደረሰኝስ ስንት ነው?»



ባለፈው ክረምት ደሴ፣ አጎቴ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ስሠራ አንድ ደንበኛ የፌሮ ዋጋ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ያለ ደረሰኝስ?» አለኝ። 15 በመቶውን ቀንሼ ሸጥኩለት። ማታ ሒሳብ ስንዘጋ ከነከነኝና ለአጎቴ ነገርኳቸው። «መድረሳ የቀራኸው አንተ ነህ፤ መክስ ሀራም አይደል እንዴ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ አባባላቸው ተመችቶኝ ነበር።

ግቢ ስመለስ ኡስታዜን ጠየቅኩ። መክስ ተብሎ የተወገዘው ያለ ሐቅ የሚወሰድ ቀረጥ ነው አሉኝ። ከዘካ ውጭ ሌላ ክፍያ መጣል ላይ ዑለሞች ተለያይተዋል፤ የፈቀዱትም ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠዋል። በ1260 እ.ኤ.አ. ሞንጎሎች ወደ ግብፅ ሲቃረቡ ሱልጣን ቁጡዝ ለጦርነቱ ከሕዝቡ ገንዘብ መሰብሰብ ፈለገ። ዒዙዲን ኢብኑ ዐብዱሰላም ፈቀዱ፤ ነገር ግን መጀመሪያ በይተል ማሉ ባዶ ይሁን፣ አሚሮቹም ወርቅና ጌጣቸውን ያውጡ አሉ።

ከዚያ ሕገ መንግሥቱን አነበብኩ። እዚያም ሥልጣኑ ወሰን አለው። የገቢና ወጪ ዕቃ ቀረጥ የፌዴራሉ ነው (አንቀጽ 96)፤ እንደ አጎቴ ያለ የግል ነጋዴ የትርፍ ግብር የክልሉ ነው (97)፤ የኩባንያዎች ትርፍ ግብር የጋራ ነው (98)። በዝርዝሩ ያልተጠቀሰ ግብር ሲመጣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናሉ (99)። ግብሩም ከገቢው ምንጭ ጋር የተያያዘና በአግባቡ ተጠንቶ የተወሰነ መሆን አለበት (100)።

ስለዚህ መንግሥት የፈለገውን ያህል መውሰድ አይችልም። ግምቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ቅሬታ ማቅረብና ይግባኝ ማለት መብታችን ነው፤ ገንዘባችን የት እንደዋለ መጠየቅም እንዲሁ። እኔ ግን ያደረግኩት ይህን አልነበረም። ለሕዝብ መድረስ የነበረበትን 15 በመቶ ለደንበኛው በስጦታ ሰጠሁት፤ ደረሰኝ እየቆረጠ የሚሸጠውን ጎረቤታችንን ደግሞ ውድ ሻጭ አስመሰልኩት። በደልን መቃወም ሌላ፣ በዲን ስም መደበቅ ሌላ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች ደግሞ «ግብር ከፍያለሁ፤ ዘካ የለብኝም» ይላሉ። በብዙኃኑ ዑለሞች ዘንድ አንዱ ሌላውን አይተካም። ዘካ የአላህ ሐቅ ነው፤ ኒሳቡም፣ ለንግድ ገንዘብ 2.5 በመቶ የሚሆነው መጠኑም፣ ስምንቱ ተቀባዮቹም የታወቁ ናቸው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ በስልክ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ደንበኛው ጥሎን ቢሄድስ?» አሉ። ሊሄድ እንደሚችል አልደበቅኳቸውም። «እንግዲያው ሪዝቅ ከአላህ ነው ያልከውን አብረን እናየዋለን፤ ክረምት ስትመጣ ደረሰኙን የምትቆርጠው አንተ ነህ» አሉኝ።

ወላሁ አዕለም።