ከአሥራ ሁለት ጆንያ አምስቱ፦ የመፋዛ ቅኝት

በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ያለችውን መፋዛን መፋዛ ያደረጋት ራሃድ ነው። ወንዙ ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው የእኛው ደጋ ተነሥቶ በክረምት ደለል እየገፋ ወደ ሱዳን ሜዳ ይወርዳል፤ በበጋ ደግሞ ይደርቃል። ያኔ ሰዉ አሸዋውን እየማሰ ውሃ ያወጣል፣ በርሜል የተጫነባቸው ጋሪዎችም በአህያ እየተጎተቱ በየደጁ ይዞራሉ። በዳርቻው ሐውሳና ፈላታ ሰፍረዋል፤ አያቶቻቸው ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ወጥተው እዚሁ የቀሩ ብዙ ናቸው። ከወንዙ ራቅ ሲሉ መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው። ማሽላና ሰሊጥ ዓይን እስኪደክም ድረስ ተዘርግቷል። በደቡብ በኩል የዲንደር ፓርክ፣ በምሥራቅ ደግሞ ገላባትና መተማ አሉ።

እዚህ የመጣሁት ሰሊጥ ለመሸመት አይደለም። በሁለት ጾታ መካከል ሆነው የሚወለዱ ሰዎች በጽሑፍ ውስጥ እንዴት እንደተሣሉ ሲነሣ ዘወትር የሚጠሩት የፈረንጅ መጻሕፍት ናቸው። እኔ ግን ይህን ጥያቄ ይዤ ወደዚህ ጠረፍ መውረድ ፈለግሁ፤ ምክንያቱም ከካይሮ የመጣ የሕግ መጽሐፍ፣ የዚሁ አካባቢ ልብ ወለድና ከጎንደር የወረደ አማርኛ የሚገናኙበት አገር ነው። ሦስቱም ስለነዚህ ሰዎች የሚሉት አላቸው። (ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ከሰሊጥ ገበያው ልጀምር። አጨዳው ሲደርስ ሠራተኛ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፦ ከዳርፉር፣ ከኮርዶፋን፣ ከናይል ዳር፣ ከእኛም ወገን። በመተማ በኩል ሳሉግ የምንለውን የወቅት ሠራተኛ እነሱ ጃንጎ ይሉታል። ሰሊጥ አይጠብቅም፤ ራሱ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ጃንጎው ጎህ ሲቀድ ጎንበስ እንዳለ ፀሐይ ትገባበታለች። ወቅቱ ሲያልቅ ያገኘውን ይዞ ወደ መንደር ይመጣና እዚያው ጨርሶት ይነሣል። ይህን ኑሮ ወደ ልብ ወለድ ያመጣው ከሰላ ተወልዶ ኸሽም አልጊርባ ያደገው ዐብዱልዐዚዝ በረካ ሳኪን ነው። “ጃንጎ፣ የምድር ችንካሮች” የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፉ በ2009 በጠይብ ሷሊሕ ስም የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ፤ ብዙ ሳይቆይ የሱዳን መንግሥት አገደው። በኋላ በ2015 ወደ እንግሊዝኛ፣ በ2020 ወደ ፈረንሳይኛ ተመለሰ።

በመጽሐፉ ውስጥ ሷፊያ የምትባል ሴት አለች። ከወንዶቹ እኩል ትሠራለች፣ ጉልበቷም ይፈራል። ስለ ገላዋ መንደሩ የማይለው የለም፤ ወሬው በእያንዳንዱ አውሪ አፍ ይለዋወጣል፣ ይረዝማል፣ ወደ ተረት ይጠጋል። ወድ አሙና ደግሞ ከእናቱ ጋር እስር ቤት ያደገ፣ ኋላም በሴቶች መካከል የኖረ ልጅ ነው፤ እሱም በወንድነቱ ይታማል። የሳኪን ብልሃት ሐሜቱን እንደ ሐሜት መጻፉ ላይ ነው። አንባቢው የሷፊያን ገላ አያይም፤ የሚያየው ገላዋን ለማወቅ የሚስገበገበውን መንደር ነው። ይህን ከብዙ የታወቁ መጻሕፍት አስበልጬ እወደዋለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ እሷ ሲወራ የእሷ ድምፅ ከወሬው በታች ይቀራል፤ ገላዋም ለአስፈሪ ተረት ይቀርባል። ከእሷ ጋር የሚመሳሰል ልጅ ያላት አንዲት እናት ይህን ገጽ ብታነብ ምን ይሰማታል ብዬ ሳላስብ ማለፍ አልቻልኩም።

ከገበያው ወጣ ሲሉ የኸልዋዎቹ፣ የቁርኣን ትምህርት ቤቶቹ ድምፅ ይመጣል። ልጆች በእንጨት ሰሌዳ ላይ በጥቁር ቀለም የጻፉትን ቁርኣን ጮክ ብለው ይደግማሉ። ቁርኣኑን የዘለቀና በትምህርቱ የገፋ ተማሪ ወደ ፊቅህ፣ ማለትም ወደ ሕጉ ይሻገራል፤ የማሊኪን የሕግ መንገድ በሚከተለው ሱዳን ደግሞ ከፉንጅ ሱልጣኖች ዘመን ጀምሮ የፊቅህ ዋናው መጽሐፍ የኸሊል ኢብን ኢስሓቅ “ሙኽተሰር” ነው። ኸሊል በ14ኛው መቶ ዘመን ካይሮ ውስጥ ያስተማረ ሊቅ ነበር። መጽሐፉ አጭርና እጥር ምጥን ያለ ነው፤ ያለ መምህር አይፈታም። የሚጀምረው ስለ ውሃ ንጽሕና ነው፤ የሚያበቃው ደግሞ ስለ ኹንሣ፣ ማለትም ወንድነትም ሴትነትም ስለሚታይበት ሰው ነው። ያን ሁሉ የሕግ ባሕር ቀዝፎ የወጣ የሱዳን ተማሪ መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ይህን ሰው ነው።

ጥያቄው የውርስ ነው። በሸሪዓ ወንድ ልጅ የሴት ልጅን እጥፍ ይወርሳል፤ ታዲያ ወንድ ይሁን ሴት ያልለየለት ልጅ ስንት ይውረስ? የማሊኪዎቹ መልስ የወንድን ድርሻ ግማሽና የሴትን ድርሻ ግማሽ ደምሮ መስጠት ነው። በሰሊጥ ላስላው። አንድ አባት ሞተና 12 ጆንያ ሰሊጥ ተወ እንበል፤ ልጆቹ አንድ ወንድና አንድ ኹንሣ ናቸው። ኹንሣው ወንድ ቢሆን እኩል ይካፈሉ ነበር፤ ድርሻው 6 ጆንያ ይሆናል። ሴት ብትሆን 4 ጆንያ ታገኛለች። 6 እና 4 ተደምሮ ለሁለት ሲከፈል 5 ነው። ስለዚህ ኹንሣው 5፣ ወንድሙ 7 ጆንያ ይወስዳሉ። በሌላው የሕግ መንገድ፣ በሐነፊዎቹ ዘንድ ግን ከሁለቱ ድርሻ ያነሰው ስለሚሰጥ 4 ብቻ ይደርሰው ነበር፤ የግብፅ የውርስ ሕግም በ1943 የያዘው ይህንኑ ነው።

ስሌቱ ደረቅ ነው፤ ስም የለው፣ መልክ የለው። እኔን ግን ነካኝ። የሕጉ ሊቃውንት “እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ?” ብለው አልተከራከሩም፤ “መኖሩስ ይገባዋል ወይ?”ም አላሉም። አለና ድርሻው ስንት ነው ብለው ቁጭ ብለው ሠሩለት። በሐነፊዎቹ መጻሕፍት በመስጊድ ውስጥ የሚቆምበት ቦታ እንኳ ተወስኗል፤ ከወንዶቹ ሰልፍ ኋላ፣ ከሴቶቹ ሰልፍ ፊት።

ከዚህ የቀደመ አንድ ታሪክም አለ፤ የነቢዩን የሕይወት ታሪክ ከጻፈው ከኢብን ኢስሓቅ የመጣ። ከእስልምና በፊት ዓሚር ኢብን አዝዘሪብ የሚባል ዐረቦች የሚዳኙበት ሽማግሌ ነበር። አንድ ቀን የኹንሣ ጉዳይ ይዘው መጡበት፤ ወንድ እንበለው ወይስ ሴት? ዓሚር ቃል ጠፋው፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። መንጋውን የምትጠብቅለት ሱኸይላ የምትባል ባሪያ ነበረችው፤ አረፈድሽ፣ አመሸሽ እያለ ሁልጊዜ የሚነዘንዛት። እሷ ናት ምን ሆንክ ብላ የጠየቀችው። መጀመሪያ ምን አገባሽ አላት፤ በኋላ ነገራት። መልሷ አጭር ነበር፦ ሽንቱን ተከተል፣ በሚሸናበት ፍረድ። ዓሚር ጧት ተነሥቶ በዚያው ፈረደ። ኸሊልም ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ምልክቶቹን ሲዘረዝር ሽንትን አስቀድሞ ጺምን፣ ጡትንና የወር አበባን ያስከትላል። የእረኛዋ ስም ተርፎልናል። ዳኛው ፊት የቆመው ሰው ግን ስሙም አልተጻፈ፣ አንተስ ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀውም የለ።

ወደ ጤና ጣቢያው ስንዞር ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ይጠብቀናል። ወንድነቱ ወይም ሴትነቱ በዓይን ታይቶ የማይለይ ሕፃን ከ4,500 እስከ 5,000 ልደት መካከል አንድ ይሆናል ይባላል። የሕፃኑን ገላ መጀመሪያ የምታየው ዳያዋ፣ የመንደሯ አዋላጅ ናት። እሷ ልታውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ስሙ ረጅም ነው፣ ነገሩ ግን ግልጽ ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች በውርስ ጉድለት ምክንያት ኮርቲዞልን በበቂ መሥራት ሲሳናቸው የወንድ ሆርሞን ያበዛሉ። በዚህ የተነሣ ማሕፀን ያላት ሴት ሕፃን በውጭ ስትታይ ወንድ ልትመስል ትችላለች። በከባዱ ዓይነት ደግሞ የሰውነቷ ጨው ይፈስሳል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ታስመልሳለች፣ ትደርቃለች፣ ካልታከመች ትሞታለች። የምትድነው በየቀኑ በሚዋጥ ሃይድሮኮርቲዞንና ፍሉድሮኮርቲዞን ነው። ጉድለቱ ከሁለቱም ወላጆች ሲገኝ ስለሆነ የሚከሠተው፣ የአጎት ልጅ ማግባት በተለመደበት አገር ይበዛል። የካርቱም የሕፃናት ሐኪሞች በ2012 የአምስት ዓመት ልምዳቸውን ባሳተሙበት ጥናት ጾታ እንዳይለይ ከሚያደርጉት ዋነኛ መንሥኤዎች አንዱ ይኸው ነበር።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሕይወት ያድናል፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን በሕክምና መጽሔቶች የቆየ ልማድ መሠረት ሕመምተኛው ዓይኑ በጥቁር መስመር ተሸፍኖ፣ ዕድሜውና የደም ምርመራው ከሥር ተጽፎ የሚታይ ፎቶ ብቻ ነበር። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2023 ሲጀምር ደግሞ ሕክምናውም ሩቅ ሆነ፤ ካርቱም ድረስ ልጅ ይዞ መሄድ ቀረ። በ2024 ክረምት የሲንጃ ከተማ በጦርነቱ ስትያዝ ሕዝቡ ወደ ገዳሪፍ ግዛት ፈለሰ፤ ከሸሸው መካከል በየቀኑ መድኃኒት መዋጥ ያለበት ሕፃን ቢኖር እናቱ ምን አድርጋ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ማምሻውን ከቡናው ዘንድ ነን። የሱዳን የጀበና ቡና ዝንጅብል ገብቶበት ከእኛው ይመርራል። አማርኛ የሚሰማው እዚህ ነው፤ ከጎንደር ቆላ የወረዱ ልጆች እየተተራረቡ ይስቃሉ። ጆንያ ማንሣት ያቃተው ጓደኛ ወንዳገረድ ይባላል፤ ዞር ሲል ደግሞ ፍናፍንት። ማንም ክፉ አስቦ ያለው አይመስልም፤ ይሁንና እንዲህ ሆኖ የተወለደ ልጅ በመሐላቸው ቢቀመጥ የሚስቀው አብሮ ነው፣ እንዳይታወቅበት። ሳይመን መሲንግ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1950ዎቹ ስለ ደጋው አማራ ባጠናው ጽሑፍ ወንዳገረድ ስለሚባሉ ሰዎች አንሥቷል። ሕዝቡ የተፈጥሮ ጉድለት አድርጎ እንደሚያያቸው፣ እንደሚታገሳቸውም ጽፏል። እሱም ቢሆን ሌሎች ስለነሱ ያሉትን መዘገበ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ከእናታቸው ማሕፀን ጃንደረባ ሆነው ስለተወለዱ ሰዎች የሚናገር ቃል አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ያደጉት እነዚህ ልጆች ሰምተውታል፤ ከስድባቸው ጋር ግን አያገናኙትም።

ፈረንጆቹ ዘንድ ነገሩ ቀደም ብሎ በራስ አንደበት ተጽፏል። ፈረንሳዊቷ ኤርኩሊን ባርበን በ1838 ተወልዳ ሴት ተብላ አደገች፣ መምህርት ሆነች፤ በ1860 ፍርድ ቤት ወንድ ነህ አላት። በ1868 ፓሪስ ውስጥ ራሷን አጠፋች፤ ማስታወሻዋ ከአጠገቧ ተገኘ። ያን ማስታወሻ መጀመሪያ ያሳተመው ሐኪም ነበር፤ ሚሼል ፉኮ በ1978 እንደገና አወጣው። የጄፍሪ ዩጀኒደስ “ሚድልሴክስ” በ2002 ታትሞ በማግሥቱ ዓመት ፑሊትዘር አገኘ። ሰፊና ውብ ልብ ወለድ ነው፤ ጸሐፊው ግን ስለ ሌላ ሰው ገላ ነው የጻፈው።

ለመፋዛ ይበልጥ የሚቀርቡት የራሳቸውን ታሪክ የጻፉ ሁለት አፍሪካውያን ናቸው። በሪዮ ኦሊምፒክ በ2016 የሴቶች 800 ሜትር ሦስቱን ሜዳሊያዎች የወሰዱት ሰሜንያ፣ ኒዮንሳባና ዋምቡይ ነበሩ፤ የደቡብ አፍሪካ፣ የቡሩንዲና የኬንያ ልጆች። ሦስቱም በኋላ በሆርሞን ሕግ ምክንያት ከዚያ ርቀት ታገዱ። ካስተር ሰሜንያ በ2023 የራሷን ታሪክ ራሷ ጻፈች። ዓለም ሁሉ ስለ ገላዋ ለ14 ዓመታት ካወራ በኋላ፣ እናቴ ሴት ብላ አሳደገችኝ፣ ሴት ነኝ ብላ በገዛ አፏ ተናገረች።

ሌላው ጁልየስ ካግዋ ነው፤ ኡጋንዳዊ። ጁልየት ተብሎ እንደ ሴት ልጅ አደገ፤ ከዚያ ወደ ጁልየስ የደረሰበትን መንገድ በ1997 ካምፓላ ባሳተመው መጽሐፍ ተረከ። ያን ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ እንዲህ ያለ ነገር በስምና በፎቶ ማውጣት ራስን ለአደጋ ማጋለጥ ነበር። ቤተሰቡን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ፍርሃቱን ሳይደብቅ ጻፈ። በኋላም እንዲህ ሆነው ለተወለዱ ልጆችና ለእናቶቻቸው የሚቆም ድርጅት መሠረተ። ያን መጽሐፍ በዐረብኛና በአማርኛ ማንበብ እፈልጋለሁ። ዋጋው ጃንጎው ከአንድ ቀን ደመወዙ ሊገዛው የሚችል፣ ቋንቋው ዳያዋ ለአራሷ ጮክ ብላ ልታነብላት የምትችል እንዲሆን እፈልጋለሁ።