ስለ ትንሿ ቤትና ስለ ቀጭን ቀለም

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ይጻፋል። እኛ ዛሬ የምናቀርበው ግን በመልኩ ጨዋታ የሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም ትንንሽ አምሳያዎችን በቀጠነ ቀለም ጥላ ስለ ማልበስ ነው። ይህ የሕፃናት መጫወቻ ነው ብሎ የሚንቀው ሰው ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ራሳችን ንቀነው ሳለን ነው ያስተማረን።

እናታችን ከ40 ዓመት በላይ የኖሩበት ቤት በፈረሰ ጊዜ ከእኛ ዘንድ መጥተው ተቀመጡ። ቤቱ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በፊቱም የእንጨት በረንዳ ያለው ነበር። እናታችን ስለ መፍረሱ አንድ ቀን እንኳ አላማረሩም፤ ነገር ግን ማታ ማታ ከቡና በኋላ ዝምታ አበዙ። ይህን ያስተዋለች የ14 ዓመት ልጃችን ያሉትን ፎቶግራፎች ሁሉ ሰብስባ፣ ቤቱን 50 ጊዜ አሳንሳ ሠርታ ለትንሣኤ በዓል ለአያቷ ልታበረክት ተነሣች። በዚህ ልክ ቁመቱ 2 ሜትር የነበረው በር 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ግድግዳውን ከካርቶንና ከስቱኮ፣ በረንዳውን ከቀጫጭን እንጨት ሠራች፤ ለጣሪያው ደግሞ የምግብ መጠቅለያ አልሙኒየም ወስዳ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ እየተጫነች እንደ ቆርቆሮ ሸነሸነችው።

ቤትን አሳንሶ መሥራት አዲስ ጥበብ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1920 ዓ.ም. ኸርበርት ዊንሎክ የተባለ አሜሪካዊ የቁፋሮ ሊቅ በግብፅ አገር በቴብስ አጠገብ መኬትሬ በሚባል ሹም መቃብር ውስጥ ከእንጨት ተሠርተው ቀለም የተቀቡ ብዙ አምሳያዎች አገኘ። እነርሱም ጎተራ፣ የከብት በረት፣ የዳቦ መጋገሪያ፣ ዛፍ የተተከለበት የቤት አትክልት ሥፍራ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም ወደ 4000 ዓመት ይጠጋል። ሹሙ በሚሄድበት ዓለም ቤቱ እንዳይጎድልበት የተደረገ ነው። እንግዲህ ሰው ከቤቱ መለየት እንደሚከብደው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው።

ልጃችን ግንባታውን ከጨረሰች በኋላ ግድግዳውን በነጭ፣ ጣሪያውን በዓመድማ፣ በሩን በአረንጓዴ ቀለም ቀባችው። ቀለሙ ወፍራም ነበረ፤ ቤቱም ገና ዛሬ የታነጸ መሰለ። ደስ ብሏት በዓሉን ሳትጠብቅ አያቷን ጠራቻቸው። እናታችንም አምሳያውን እጅግ አድርገው ከተመለከቱ በኋላ «እሰይ የኔ እናት፤ እንዴት ያምራል! የማን ቤት ነው?» አሉ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች፤ እኛም የምንለው ጠፋን።

ልኩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ቤቱ ያልታወቀው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱ ብርሃን ነው። የእውነተኛው ቆርቆሮ ሽንሽን ጥልቀቱ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ በአምሳያው ላይ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በእውነተኛው ቤት ላይ ፀሐይ በየሽንሽኑ፣ በየሳንቃው መጋጠሚያ፣ በክፈፉም ሥር ጥላ ትጥላለች፤ ዓይናችንም ቤቱን የሚያውቀው በዚህ ጥላ ነው። በጠረጴዛ ላይ ያለው አምሳያ ግን ከመስኮቱም ከመብራቱም ብርሃን ከየአቅጣጫው ስለሚደርሰው፣ ያለችውም ጥላ እጅግ ቀጭን ስለሆነች ለዓይን አትታይም። ስለዚህ ፀሐይ የምትሠራውን ሥራ ቀለም ቀቢው በእጁ ሊሠራው ይገባል። ወፍራም ቀለም ደግሞ ያለውን ትንሽ ጎድጓዳ እንኳ ይደፍነዋል።

ይህን ካነበብን በኋላ ያደረግነውን ስንናገር እናፍራለን። ልጅቱ በተኛችበት ሌሊት፣ ጥቁር ቀለም በውሃ በጥብጠን በጣሪያውም በግድግዳውም ላይ አፈሰስንበትና፣ ነገ ታየዋለች፤ ደስም ይላታል ብለን ተኛን። ሲነጋ ግን ጎድጓዳው ባዶ፣ ሜዳው ደግሞ ቡና ያረፈበት ሲኒ እንደ ተነሣ በክብ በክብ እድፍ የተሞላ ሆኖ ተገኘ። ልጃችን ብዙ ካየችው በኋላ «አባባ፤ ሥራው የኔ አልነበረምን? ስለ ምን ሳይጠይቁኝ ነኩት?» አለችን። በመሥሪያ ቤታችን አንድ የበታች ሠራተኛ የሌላውን ሥራ ሳያስፈቅድ ቢነካ እንደምንቆጣ ትዝ አለን። መልስ ስላልነበረን ይቅርታ ጠየቅናት። ሁለት ቀን አላናገረችንም፤ በሦስተኛው ቀን ግን ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አምጥታ «እንግዲህ አብረን እናሸው» አለች።

ስለ ክቡ እድፍ ጥቂት እንናገር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ሮበርት ዲጋንና በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ባልደረቦቹ የፈሰሰ ቡና ስለ ምን በዳሩ ላይ እንደሚጠቁር መርምረው ጽፈዋል። ጠብታው ሲደርቅ ዳሩ ካለበት አይነቃነቅም፤ ውሃውም በዳር በኩል ፈጥኖ ይተናል። የተነነውን ለመተካት ከመካከል ወደ ዳር የሚሄደው ውሃ ደቃቁን ሁሉ ተሸክሞ እዚያ ይጥለዋል። በቡና የሆነው በቀለምም ይሆናል። ስለዚህ የቀጠነ ቀለም ሜዳ ላይ ተኝቶ እንዲደርቅ አይተዉትም፤ ትርፉን ወዲያው በንጹሕና እርጥብ በሆነ ብሩሽ ይለቅሙታል።

በሁለተኛው ጊዜ አዛዧ ልጃችን ሆነች፤ እኛ ታዛዥ ሆንን። መሠረቱን በአንድ ወፍራም ቀለም ፋንታ ሁለት ጊዜ በቀጭኑ ቀባነው። በጣሪያውና በሩ ላይ የሚያብረቀርቅ ቨርኒሽ ጨመርንበት፤ ለስላሳ ገጽ ላይ ቀለሙ ሳይያዝ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳልና። ግድግዳውን ግን እንደ ጭቃ ጥቂት እንዲመጥ ብለን ያለ ቨርኒሽ ተውነው። ለጥላው ጥቁር አልመረጥንም፤ ጥቁር ቀለም ትንሹን ነገር ያጠለሸዋል። ቡናማውን ከጥቂት ሰማያዊ ጋር ቀላቅለን፣ በ1 ጠብታ ቀለም ወደ 10 ጠብታ ውሃ አደረግን። ውሃ ብቻ ቢበዛበት ቀለሙ ስለማይያያዝ ከውሃው እጅ ጥቂቱን ለዚሁ በሚሸጠው ጥርት ያለ ማያያዣ ተካነው። ደግሞም ውሃ በጠባዩ ተሰብስቦ እንደ ጤዛ መቆም ይወዳልና፣ ወደ ስንጥቁ እንዲገባ በመርፌ ጫፍ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አስነካነው።

አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እንጨምራለን እንጂ በአንድ ጊዜ አናጠቁረውም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሊቃውንት የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን ሥዕሎች በኤክስሬይ መርምረው፣ በፊት ላይ ያለው ጥላ እጅግ ቀጫጭን ከሆኑ ድርብርብ ቀለሞች እንደ ተሠራ፣ ሁሉም ተደራርቦ ከ1 ሚሊ ሜትር 20ኛ እጅ እንኳ እንደማይሞላ አሳይተዋል።

ለበረንዳው እንጨት ደግሞ የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥነን ተጠቀምን። ይህ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ የተሳሳተውን በጥጥ ለመጥረግ ጊዜ ይሰጣል፤ ከታች ያለው የውሃ ቀለምና ቨርኒሽ ግን አስቀድሞ ፈጽሞ ሊደርቅ ያስፈልጋል። አኳራጅ ባለበት መስኮት ይከፈት፤ የከሰል ምድጃም ከክፍሉ ይውጣ። በመጨረሻ ሁሉን በማያብረቀርቅ ቨርኒሽ ሸፈነው።

አንድ ክርክር ብቻ ነበረን። በፎቶግራፉ ላይ ከክፈፉ ግራ ማዕዘን ጀምሮ በግድግዳው ላይ የወረደ የዝናብ እድፍ ይታይ ነበር። እኛ፣ ይህ የቤት ነውር ነው፤ ይቅር አልን። ልጃችን ግን «ከነበረ ይኑር» ብላ በቀጭኑ ሦስት ጊዜ እየደጋገመች አወረደችው።

በበዓሉ ማግስት እናታችን መነጽራቸውን አድርገው አምሳያውን ወደ መስኮቱ አስጠጉት። ጣታቸውም በቀጥታ ወደዚያች እድፍ ሄደ። «ይኸውና! አሸንዳውን ያሠሩ ብዬ ለአባታችሁ ስንት ክረምት ነገርኋቸው!» ብለው ሣቁ፤ ወዲያውም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ያን ማታ ከቡና በኋላ ዝም አላሉም። በየትኛው መስኮት ሥር እኛን እንደ ወለዱ፣ አባታችን በየትኛው ምሰሶ ተደግፈው ጋዜጣ ያነቡ እንደ ነበር እስከ እኩለ ሌሊት ነገሩን። እኛ ልንሰውረው የፈለግነው ነውር ለእርሳቸው የቤቱ መታወቂያ ነበር።

ስለዚህ ወላጆች የሆናችሁ አንባብያን ሆይ፤ ልጃችሁ እንዲህ ያለውን ሥራ ቢጀምር አትናቁበት። ልትረዱትም ብትወድዱ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ቀለሙንም አቅጥኑ፤ እስኪደርቅም ታገሡ።

ትንሿ ቤት አሁን ከእናታችን አልጋ አጠገብ ተቀምጣለች። ሥራው ግን አላለቀም፤ የዶሮው ቤት ቀርቷል ብለው አዝዘዋልና፣ ልጃችን ካርቶን በመቁረጥ ላይ ናት።