ከጨጓራ ጀርባ

እኛ አገር ሆዱን ይዞ የታየ ሰው ሁሉ ጨጓራ ነው። ጎረቤት ይለዋል፣ ፋርማሲው ይለዋል፣ ካርድ አውጥቶ የገባበት ሐኪምም ይደግመዋል። እኔም ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ "ጨጓራዬ ተነሳብኝ" እያልኩ ኖሬአለሁ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ስሌቱን ካላሳየኸኝ መልሱን አልቀበልም እያልኩ ተማሪ የማስጨንቅ ሰው፣ የራሴን ሆድ በሰፈር ወሬ አምኜ ተቀመጥኩ።

የጀመረኝ በ2011 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ነው። ዶሮውን በልቼ ብዙም ሳይቆይ ከእምብርቴ በላይ እንደ ችካል ተተከለብኝ፤ ጫፉ በጀርባዬ የወጣ እስኪመስለኝ። ማንም አልደነገጠም። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ቅቤ ገብቶበት ያላጉረመረመ ሆድ የት አለ? አብሽ በጥብጠው አጠጡኝና ተኛሁ።

ሕመሙ ግን እየሄደ ይመለስ ጀመር። ሰገራዬ ተመርምሮ ኤች ፓይሎሪ አለብሽ ተባልኩ። አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል ለ14 ቀን ዋጥኩ። ባክቴሪያው ጠፋ፣ ችካሉ ቀረ። ኢንዶስኮፒ ገባሁ፤ "ትንሽ ቀላ ብሏል" ተብሎ ኦሜፕራዞሉ ቀጠለ። አልትራሳውንድ ተነሳሁ፤ "ሐሞትሽ ጠጠር የለውም፣ ደህና ነሽ" ተባልኩ። የወረቀቱ ግርጌ ላይ፣ በአየር ምክንያት ቆሽት በደንብ አልታየም የሚል አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ተጽፏል። እኔ ያነበብኩት ከዓመት በኋላ ነው። ወረቀቱን ያዩት ሐኪሞች አንብበውት ይሆን? እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌሊቱ ነበር የሚከፋው። በጀርባዬ ከተኛሁ አለቀልኝ። የሚለቀኝ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ሁለት እጄን ሆዴ ላይ አጥፌ፣ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ስደፋ ብቻ ነው። አንድ ሌሊት እማዬ በሩን ገፋ አድርጋ አየችኝና ቀስ ብላ ዘጋችው። ጠዋት ቡና እየቆላች፣ "ልጄ፣ እግዜር ይስማሽ። ስግደቱን ግን ቀነስ አድርጊው፤ ከስተሻል" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር አፌ አልከፈት አለኝ።

ከ63 ኪሎ ወደ 46 ወረድኩ። ሰፈሩ የየራሱን ምርመራ አደረገ፤ አንዷ ዓይን ነው አለች፣ ሌላዋ ደሜን እንድመረመር በሹክሹክታ መከረችኝ። ደሜን ሦስቴ ተመርምሬአለሁ፤ ነጻ ነኝ። ጠበልም ተጠምቄአለሁ፤ በዚያ አልጸጸትም፣ ቢያንስ እዚያ ማንም "ጨጓራ" አላለኝም።

አሁን የሚያሳፍረውን ልጻፍ። ሰገራዬ ተለውጦ ነበር። ገርጥቶ፣ ቅባት ለብሶ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ሽታው የተለየ ነው፣ ሦስት ባልዲ ውሃ ደፍቼበት አይሄድም። ሐኪም "ሰገራሽስ?" ሲለኝ ግን "ደህና ነው" እላለሁ። ለካ የበላሁት ቅባት ሳይፈጭ እየወጣ ነበር። ይህን ጥፋት በማንም አላላክክም።

በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሪፈር ተጽፎልኝ ወደ አዲስ አበባ ወረድኩ። ሸኖ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም የቅቤው ሽታ በመስኮት ገባ፤ ዱሮ የምወደው ሽታ ነው፣ ያን ቀን አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝኩ። ላምበረት ስደርስ ታናሽ ወንድሜ ሻንጣዬን ሳይሆን እኔን ነው ደግፎ ያወረደኝ።

ስፔሻሊስቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። የፋይሌን ክምር ገፋ አደረጉና፣ "ሲያምሽ እንዴት ሆነሽ ትቀመጫለሽ? አሳዪኝ" አሉኝ። ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ተደፋሁ። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"ትጠጫለሽ?"

እዚህ ጥያቄ ላይ ቁስል አለብኝ። ከዚያ በፊት አንድ ወጣት ሐኪም፣ ወንድሜ ፊት፣ "እውነቱን ንገሪኝ" እያለ አራቴ ጠይቆኛል። ከጠላ ያለፈ ቀምሼ አላውቅም፤ ጠላውም ለክርስትና ነው። እሳቸው ግን አንዴ ጠይቀው አመኑኝ። ሥር የሰደደ የቆሽት ሕመም ዋናዎቹ ምክንያቶች መጠጥና ሲጋራ ቢሆኑም፣ ጠጥተው የማያውቁ ወጣቶችን የሚይዝ፣ ቆሽትን በጠጠር የሚሞላ ዓይነት በሞቃት አገሮች እንደሚታይ ነገሩኝ። ደብረ ብርሃን ሞቃት አገር ከሆነች እንግዲህ ምን ይባላል።

ማዘዣ ወረቀት ገልብጠው ጨጓራን እንደ ስልቻ ሳሉ፤ ከኋላው ደግሞ እንደ በቆሎ እሸት የተጋደመ ነገር። "ቆሽት ይኸውልሽ፤ ከጨጓራ ጀርባ ተደብቆ ነው የሚተኛው።" ዕድሜዬን ሙሉ ቆሽቴ አረረ፣ ቆሽቴን አሳረሩት እያልኩ ስማረር ኖሬ፣ የት እንደሚገኝ ያወቅሁት በ34 ዓመቴ ነው።

የደሙ ውጤት መጀመሪያ አስለቀሰኝ፤ አሚሌዝና ሊፔዝ የሚባሉት የቆሽት ኢንዛይሞች ልክ ነበሩ። ዶክተሯ አልተደናገጡም። ቆሽት ለረጅም ጊዜ ተጎድቶ ሲደክም ደም ላይ ላያስታውቅ ይችላል አሉ። ሲቲ ስካኑ ላይ ነጫጭ ጠጠሮች እንደ ተበተነ ጨው ታዩ፤ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን የነበረበት የቆሽቴ ቱቦ 8 ደርሷል። ኢላስቴዝ ለተባለ ሌላ የቆሽት ኢንዛይም ምርመራ የሰጠሁት ሰገራ ወደ ውጭ ተልኮ ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ጤነኛ ሰው ከ200 በላይ ይኖረዋል፣ የእኔ 48። ወንድሜ አለቀሰ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ስም አገኘሁለት።

ስም ማግኘት መዳን አይደለም። ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር የምውጠው የኢንዛይም እንክብል ከአሳማ ቆሽት እንደሚሠራ ስሰማ ሁለት ቀን ሳልነካው አስቀመጥኩት። የነፍስ አባቴ ሰምተው ዝም አሉና "መድኃኒት ነው፤ ዋጪው" አሉኝ። እንክብሉን ሰው ከውጭ ሲመጣ ያመጣልኛል፤ ሲያልቅብኝ ቅቤም ዘይትም ትቼ አጥሚት ላይ እውላለሁ። ቆሽት ስኳርንም ስለሚቆጣጠር በየስድስት ወሩ እመረመራለሁ። ኪሎዬ 54 ነው።

ችካሉ አልፎ አልፎ ይመጣል። እማዬ እንቅልፏ ቀላል ነው፤ በሩን ገፋ አድርጋ፣ ጨለማው ውስጥ ቆማ ትጠይቀኛለች።

"ጸሎት ነው ወይስ እሱ?"

"ጸሎት ነው፣ እማዬ" እላታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እውነቴን ነው።